አራት ነጥብ በእስክሪብቶ

ኢንተርኔት ወረታ ከተማ ገና ገባ ወጣ በሚልበት ሰሞን እዚያ የኮምፒውተር መምህር ነበርኩ። ደመወዝ የሌለው ሌላ ሥራም ነበረኝ። በየአገሩ ያለን ፈቃደኞች ተባብረን የምንሠራው፣ በኮምፒውተር አማርኛ የሚያስጽፍ ነጻ ፕሮግራም አለ። የእኔ ድርሻ ከተጠቃሚዎች የሚመጣውን የብልሽት አቤቱታ መደርደር ነው፤ አንዱን «አዲስ»፣ አንዱን «በሥራ ላይ»፣ ሌላውን «የተዘጋ» እላለሁ፤ ደግሞ «አስቸኳይ» ወይም «ይቆይ» የሚል ምልክት አደርግበታለሁ። መልካቸውን አይቼ የማላውቃቸው ሰዎች እኔ ባስያዝኩት ተራ ይሠራሉ። ሹመት ነው፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ከፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ለባለጉዳይ አቤቱታ በኮምፒውተር እየጻፉ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። እትየ እላቸዋለሁ። የሚጽፉት በእኛው ፕሮግራም ነው። አንድ ቀን ሳልፍ ጠሩኝና፣

«ልጀ፣ ይኸ ነገርህ አራት ነጥብ ስነካ ጽሑፌን ይዞ ድርግም ይላል» አሉኝ።

እዚያው ቁጭ ብዬ መዘገብኩት። «ምን ያህል ያስቸኩላል?» ስላቸው፣ «ኧረ ምን ያስቸኩላል! ሲመችህ» አሉ። እንዳሉት «ይቆይ» ላይ ምልክት አደረግሁ።

ከሳምንታት በኋላ፣ በገበያ ቀን ጎራ ስል፣ አግዳሚው ባለጉዳይ በባለጉዳይ ሆኗል። እትየ የታተመ ወረቀት ላይ አጎንብሰው በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ በእስክሪብቶ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ያደርጋሉ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ነጥብ እየጻፉ፣ ነጥቡን በእጃቸው ነበር የሚጨምሩት!

«ምነው እትየ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ለምጀዋለሁ እኮ።»

በእርሻ ድንበር ጉዳይ ከቁሐር ሚካኤል የመጡ አንድ ሽማግሌ ግን አላስቻላቸውም። «ከሰኞ ጀምሮ ፍርድ ቤቱ በእጅ የተነካካ ወረቀት አልቀበልም ብሏቸዋል። እሳቸውም ይችን ክፍል ሊዘጓት ነው። አልነገሩህም?»

«እርስዎ ደግሞ!» አሉ እትየ። «ልጁ ሥራ አለበት።»

በጣም ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን እንጃ። ሮጬ ሄጄ «ይቆይ» የሚለውን «አስቸኳይ» አደረግሁት። ከፕሮግራሙ ኃላፊዎች አንዱ፣ የውጭ አገር ሰው፣ ወዲያው ጻፈልኝ፤ «ተጠቃሚዋ ራሷ አልቸኩልም ብላለች። ለምን ለወጥከው?»

እኔም መለስኩለት፤ «በእኛ አገር ቤቱ እየተቃጠለ ውሃ የሚለምን ሰው እንኳ መጀመሪያ ‹ሥራ አስፈታሁህ› ነው የሚለው።» የወረቀቱንም ፎቶ አያያዝኩ።

«እነዚህ ነጥቦች ሁሉ በእጅ ናቸው?»

«ሁሉም።»

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። እሑድ ማስተካከያው ደረሰ፤ ሰኞ ጠዋት ጫንኩላቸው። እትየ ጣታቸውን ወደ ቁልፉ አስጠጉና መለሱት። «አንተው ንካልኝ» አሉ። እምቢ አልኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነኩት። ነጥቡ ቁጭ አለ፤ ፕሮግራሙም ንቅንቅ አላለ።

ሲጠብቁ የነበሩት ሽማግሌ አዲስ የታተመላቸውን ወረቀት ይዘው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ትንሽ ቆይተው ባዶ እጃቸውን፣ እየሳቁ ተመለሱ። «ተቀበሉኝ!»

በደንባችን ችግሩን ያመለከተው ሰው ካልፈቀደ አቤቱታው አይዘጋም። «እትየ፣ ተስተካክሏል ብዬ ልዝጋው?» አልኳቸው።

«ኧረ ሲመችህ» አሉ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስተው ደረት ኪሴ ውስጥ ሰኩት። «ይኸንም ውሰድልኝ፤ ከእንግዲህ ሥራ ፈቷል።»