ስም ያልተጠራለት ውሻ

ኃይለመስቀል ኮልፌ ውስጥ፣ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጭነት ኮርቻ የሚጠግን ሰው ነበር። ነጋዴዎች አህያቸውን አስረው ተራ ሲጠብቁ እሱ ጠፍሩን እየሳበ ተረት ይነግራቸዋል። ተረቱ ሁሉ የእንስሳ ነው፤ ለራሱ ጥላ የሚሰስት ጅብ፣ ዶሮ እንቁላል በጣለች ቁጥር ራሷን የሚያማት ቆቅ፣ ባመሰገኑት መጠን ሸክም የሚጨምሩበት አህያ። የማንንም ስም አይጠራም። ሲጨርስ ወስፌውን አንሥቶ ወደ ስፌቱ ይመለሳል። ያን ጊዜ አድማጩ እንስሳውን ለአንድ ጎረቤት ይሰጠዋል። «ቆቋስ ጥሩብርሃን ናት» ይላሉ፤ ጥሩብርሃንም ብትሰማ ስቃ ታልፋለች። የሰፈሩ ልማድ ይኸው ነበር።

ጣሊያን ከገባ በኋላ ሳቁ እየመረረ ሄደ። አንድ የገበያ ቀን ኃይለመስቀል ስለ አንድ ውሻ አወራ። ውሻው ቀን ከመንደሩ ጋር ሆኖ ጅብን ይረግማል፤ ሲመሽ አጥንት ፍለጋ የጅቡ ደጅ ይተኛል። ይህን ተረት ያወጣው በራሱ ላይ ነበር። ጓሮውን ዘግቶ በድብቅ የጣሊያን ጦር ሰፈር በቅሎዎችን ኮርቻ ይሰፋ ነበርና፣ ነገሩ ሲከነክነው በተረት ተነፈሰው።

«ገብረወልድ ነዋ» አለ አንዱ።

ገብረወልድ ለጦር ሰፈሩ ሣር እንዲያደርስ በግድ የታዘዘ፣ ሁለት አህያ ያለው ሰው ነበር። ሁሉም ሳቁ። ኃይለመስቀልም ቀለል ብሎት አብሮ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ገብረወልድ ብቅ ሲል ወሬ ይቋረጣል። ሚስቱ ካሳነሽ ገል ይዛ እሳት ልትጭር ስትሄድ፣ ጎረቤቶቹ ጭሱ ከጣሪያቸው እየወጣ «እኛም ጠፍቶብናል» ይሏታል። ክብሪት እንደ ልብ የሚገኝበት ዘመን አልነበረም። ልጆቿ ጥሬ ሽምብራ ቆርጥመው ያደሩበት ቀን አለ።

በመጨረሻ ገብረወልድ ራሱ መጣ። ሰው እስኪያልቅ ጠብቆ ኃይለመስቀልን ለመነው።

«እኔ እንዳልሆንኩ አንተ ታውቃለህ። አንዲት ቃል ብትናገርልኝ ይበቃኛል።»

«እኔ መች ስም ጠራሁ፣ ወንድሜ? ተረት እኮ ነው።»

ገብረወልድ በዚያው ክረምት በተስቦ ሞተ። መቃብሩን የቆፈሩት የሚስቱ ወንድምና ሙስሊሙ ጎረቤታቸው ሽኩር ብቻ ነበሩ። የቀረው ሰው በሽታውን ፈርተን ነው አለ፤ በዚያው በሽታ የሞቱትን ሌሎች ግን መንደሩ ነቅሎ ወጥቶ ቀብሯቸዋል።

ካሳነሽ ወደ ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ጓዟን ጭና ስትወጣ መንገድ ላይ ኮርቻው ተቀደደባት። ከኃይለመስቀል በቀር የሚጠግንላት አልነበረም። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ቆመዋል። እሱ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን እያጠበቀ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ውሻው እሱ አልነበረም» አላት።

«እኔማ አውቃለሁ» አለችው። «ለነሱ ንገራቸው።»

ቀና ብሎ ሰዎቹን አየ። ሰዎቹም አዩት። ወስፌውን መልሶ ቆዳው ውስጥ ሰካ። ካሳነሽ ስፌቱ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ አህያዋን ነድታ ሄደች።

ከዓይን ስትርቅ አንዱ ተረት ጠየቀው። ስለ ጦጣ ነገራቸው።