መብራቱን ያስጠጋው ዶክተር

የሌዘር ክፍሏን ባለሙያ የምርምር ግቢው ሁሉ «እትዬ ቫኪዩም» ይላታል። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በርሜል የምታህለውን የብረት ዕቃ አየሯን አስመጥጣ ቫኪዩም እያደረገች፣ ብሎኗን እያጠበቀች ኖራለች። ለሚያየው ሰው ሥራው ቀላል ነው። ሌዘሩ በዕቃዋ ውስጥ ያለችውን፣ በሞተር የምትዞረውን የሳንቲም መጠን ዲስክ ይመታል፤ ሐምራዊ ነበልባል ቡልቅ ይላል፤ እንፋሎቱ ፊት ለፊት ያለው የጋለ መስታወት ላይ ይተኛና ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ስስ ንብርብር ይሠራል። ዲስኳ መዞሯን ካቆመች ግን ሌዘሩ አንድ ቦታ ይቦረቡርና መስታወቱ ላይ ፍንጣሪ ይረጫል። ባለሙያዋ ይህን ሳታይ፣ በሞተሩ ድምፅ ብቻ ታውቀዋለች።

ዶክተሩ የቱ ሞተር እንደሆነም አያውቅም። ለስሙ የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ጋዋን የሚያጠልቀው ፎቶ ሊነሳ ሲል ነው። ስለ ፀሐይ ኃይል ማውራት ሲጀምር የሚያቆመው የለም፤ ብሎን ፍታ ቢባል ግን በየት በኩል እንደሚዞር ይጠፋዋል።

አሥር ወር የለፋችበት ሶላር ሴል ካረፈበት ብርሃን ከመቶ ዘጠኙን ኤሌክትሪክ አደረገ። አምና ስድስት ነበርና ደስ አላት። ዶክተሩ ግን ፊቱን አጨማዶ ሴሉ የሚለካበትን መብራት በገዛ እጁ ወደ ሴሉ አስጠጋው። ቁጥሩ አሥራ ስምንት ደረሰ።

«አየሽ? እንዲህ ነው የሚሠራው!»

«ዶክተር፣ እሱ እኮ መብራቱ ስለቀረበ ነው።»

«አንቺ ዝም ብለሽ መዝገቡ ላይ ፈርሚ። ደግሞ ኮንትራትሽ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር አይደል?»

ነው። የሚያድሰውም እሱ ነው፤ ይህ ባዶ ጋዋን! ቤቷ ደግሞ በሷ ደሞዝ ብቻ የሚያድር ነው። ሆኖም በሃያ አንድ ዓመት አንድም የውሸት ቁጥር ሥር ፈርማ አታውቅም። ሌሎች ክፍሎች የሚያምኑት የሱን ዲግሪ ሳይሆን የሷን ፊርማ ነው፤ ሰውዬውም የቋመጠው ለዚሁ ነው። መዝገቡን ሳብ አደረገች፤ ሁለት መስመር ጻፈች፤ ፈረመችና ሰጠችው። እሱ ፊርማዋን አይቶ ፈነደቀ።

ሐሙስ ዕለት የክፍሉን ሥራ የሚመዝኑ ገምጋሚዎች ሲመጡ ዶክተሩ ገጹን በር አሳክሎ አሳትሞ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ጠበቃቸው። እሷ ከማሽኑ ጎን እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ፊርማው የሷ ነው። ተሳስታ አታውቅም!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

አንዲት አዛውንት ገምጋሚ መነጽራቸውን አጥልቀው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «አሥራ ስምንት የሆነው ዶክተር መብራቱን አንድ ስንዝር ስላስጠጉት ነው። መብራቱ በቦታው ሲሆን ዘጠኝ ነው።»

ዶክተሩ ዞሮ ግድግዳው ላይ አፈጠጠ። ለካ ያን ሁሉ ሲያሳትም፣ ሲሰቅል አንዴም አላነበበውም!

«ተሳስታ አታውቅም ነው ያልከን?» አሉት ሴትዮዋ።