የአክስቴ ባል ወደ አገሩ የሄደ ዕለት

ትናንት ጎረቤቴ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ ከነቆዳው ከሰል ላይ ጠበሰች። ሽታው አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣ የማጥፈውን ልብስ ትቼ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ሲጠብስ ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የአክስቴ ባል።

አልባኒያዊ ነበር። ተወልዶ ያደገው ዩጎዝላቪያ ውስጥ ባለ የአልባኒያውያን መንደር ነው። በጣሊያን ጊዜ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ መጥቶ ድሬ ዳዋ ቀረ። እንደኛው እስላም ስለነበር አያቴ ልጁን ለመስጠት ብዙ አላንገራገረም ይባላል። ልጅ አልወለዱም። ሁለተኛ ደረጃ ስማር የምኖረው እነሱ ዘንድ ነበር።

ከአገሩ ያመጣው አንድ ልማድ ነበረው። መንገደኛ ከቤት ሲወጣ ከኋላው ውሃ ይፈስለታል፤ እሱም ዞሮ ሳያይ ይሄዳል። ውሃው በሰላም ይመልሰዋል። ወደ ጅግጅጋ ጭነት ይዞ በሄደ ቁጥር አክስቴ በሩ ላይ አንድ ጣሳ ታፈስ ነበር። ሶማሌዋ ባለሱቅ ጎረቤታችን ትስቅባታለች።

«አቦ አንቺ! እኛ የምንጠጣው አጥተን አንቺ መንገድ ታጠጫለሽ?»

«የኔው ይመለሳል። ያንቺን ባል ጅግጅጋ ሄደሽ ፈልጊው!»

በደርግ ጊዜ ከወንድሙ ልጅ ደብዳቤ መጣ። በየአገሩ ተበትነው የቆዩት የመንደሩ ሰዎች እየተመለሱ ነው ይላል። እናቱም በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ በር በተንኳኳ ቁጥር የሱን ስም ይጠራሉ። ለእሱ የመውጫ ፈቃድ ተሰጠው። አክስቴ ሁለት ጊዜ ጠይቃ ሁለት ጊዜ ተከለከለች።

«አይቻት እመጣለሁ» አላት። «ወላሂ እመለሳለሁ።»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

የዋሸ አይመስለኝም። እናቱን በሕይወት አገኛቸው፤ ያንን በደብዳቤ አወቅን። እሱ ግን አልተመለሰም።

የሄደ ዕለት ጠዋት ፀሐይዋ ገና ቆርቆሮውን አላጋለችውም ነበር። የጅቡቲው ባቡር እንዳያመልጠው ሻንጣውን አንስቶ ወጣ። አክስቴ ከበርሜሉ አንድ ጣሳ ሞልታ በሩ ላይ ቆመች። ሦስት እርምጃ ያህል ሄዶ ቆም አለ። ዞሮ አላየም። የውሃውን ድምፅ እየጠበቀ እንደሆነ ለሁለታችንም ገብቶናል። ከማዶ የጋሪ ቃጭል ብቻ ይሰማ ነበር።

አክስቴ አላፈሰሰችም።

ትከሻው ትንሽ ዝቅ አለ። ከዚያ ሄደ።

«ውሃው! መንገዱን ሊታጠፍ ነው እኮ!» ብዬ ጣሳውን ልቀበላት ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይ። እናቱ ከአገሩ ሲወጣ አፍስሳለታለች፤ ይኸው እስከ ዛሬ ትጠብቃለች። የሷ ይቅደም።»

እሱ ከመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወር ቆመች። ከዚያ አንዲት ጠብታ እንኳ መሬት እንዳትነካ እየተጠነቀቀች ውሃውን ወደ በርሜሉ መለሰችው።