ሦስት ሙልሙል የሚያስበላ መንገድ

ልጅ ሳለሁ የእናቴ አጎት አያ ደሴ፣ ማንኩሳ አጠገብ በነበረው ቤታችን ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደ ቡሬ ገበያ በቅሎ ሲነዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ነው አባቴ ያስጠጋቸው። መንገድ የሚለኩት በሚያስበላው ዳቦ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ደርሶ መልስ ግማሽ ሙልሙል፣ ቡሬ አንድ ከግማሽ። ሰው ሁሉ ይስቅባቸዋል፣ እሳቸው ግን ንቅንቅ አይሉም።

እራት ተበልቶ፣ ጋዙ እንዳያልቅ የኩራዙ ክር ዝቅ ሲደረግና ምድጃው ውስጥ ፍሙ ብቻ ሲቀር ተረት ይጀምራሉ። የሰማነውን ሌላ ቤት ወስደን ሳናወራ ግን አዲስ አይነግሩንም። ያኔ እንጨት ስንለቅምም ምንጭ ስንወርድም ጥድፊያችን ሁሉ ጆሮ ፍለጋ ነበር። ማታ ጥያቄያቸው አይቀርም፤ «የትላንቱን የት አደረስሽው?»

አምስተኛ ክፍል ስደርስ አባቴ ሽንዲ ላለ ሰው ልጅ ሊድረኝ ቃል ሰጠ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። አስተማሪያችን ቤት ድረስ መጥተው ለመኑት። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ይቅር ሲባል እጃቸውን ካወጡት አንዱ አባቴ ነበር፤ እጁን አውርዶ ሲያበቃ ለሠርጉ ጠላ ጌሾ ሊገዛ ገበያ ሄደ። እኔ ደብተሬን አቅፌ አለቅሳለሁ። አያ ደሴ ትንፍሽ አላሉም። ሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር የባለቤቱን ቃል እንደማይነቅፍ ያኔ አልገባኝምና ተቀየምኳቸው።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት፣ አባቴ በሌለበት፣ አዲስ ተረት አመጡ። ለገበያ የቸኮለ ሰው ገና ጀርባዋ ያልጠና የበቅሎ ውርንጭላ ላይ ጨው ጫነ። መንገዱ ሦስት ሙልሙል የሚያስበላ ነበር። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ወገቧ ተቆርጦ ተኛች፤ አልተነሳችም። ሰውየው ጨዉን ራሱ ተሸክሞ ገባ። «ይቺን ቶሎ አድርሻት» አሉኝ። ከዚያ በፊት ቶሎ ብለውኝ አያውቁም።

ለጎረቤታችን ልጅ ለትሩዬ ነገርኳት። ትሩዬ ምንጭ ላይ አወራችው፣ ወንድሟ ወፍጮ ቤት ወሰደው። በሁለተኛው ሳምንት ከገበዝ ማርያም ዘመድ ልትጠይቅ የመጣች ልጅ መልሳ ለእኔው ነገረችኝ። ጨዉ ገብስ ሆኗል፤ ውርንጭላዋም ግንባረ ነጭ ቦራ ሆናለች። ተበላሸብኝ ብዬ ስነጫነጭ አያ ደሴ ሳቁ። «ተያት፣ ሰው የራሱን ካልጨመረባት አይሸከማትም» አሉ።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል አንድ እሑድ፣ አባቴ ወንዶቹ ከቅዳሴ በኋላ ጠላ ከሚቀምሱበት ሰንበቴ ተመልሶ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ዛሬ አንዱ ያወራው ብሎ ጀመረ፤ ቋሪት ነው አሉ፣ አንድ ችኩል ውርንጭላ ላይ ገብስ ጭኖ። እየሳቀ ነበር። «ሦስት ሙልሙል የሚያስበላ መንገድ ሲነዳት ውሎ…» አለና ቆመ። በስንት አፍ ሲተላለፍ ሌላው ሁሉ ተለውጦ ያቺ ልኬት ብቻ ሳትነካ ደርሳለች። አባቴ አያ ደሴን አያቸው። እሳቸው ፍሙን ይቆሰቁሳሉ።

«እህ፣ ከዚያስ?» አሉ።

አባቴ ዞሮ እኔን አየኝ። ፈራሁ።

«ከዚያማ ሸክሙን ራሱ ተሸክሞ ገባ» አለ ቀስ ብሎ። ቀጥሎም፣ «አያ ደሴ፣ በእርስዎ ልክ ሽንዲ ስንት ሙልሙል ይሆናል?»

«ደርሶ መልስ ሁለት ይበቃሃል። ቃል ለመመለስ ከሆነ ግን ሦስት ያዝ፤ እፍረት ያስርባል።»

እናቴ ተነስታ ዱቄት አቦካች።

በዚያ ጥር በመንደራችን ሌሎች ሁለት ሠርጎችም ቀሩ፤ አንደኛው የትሩዬ ነበር። ዛሬ ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ የሰሙትን በስልክ ሲቀባበሉ ሳይ፣ በአያ ደሴ ድምፅ የት አደረሳችሁት ማለት ያምረኛል። ከሁሉ የማልረሳው ግን አባቴ ከሽንዲ የተመለሰበትን ምሽት ነው። የስንቁን አገልግል ስከፍት ሦስተኛዋ ሙልሙል እንዳለች ነበረች። «አልራበኝም» አለና ለእኔ ሰጠኝ።