ስም ያለው ሽታ

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርቴን ላቋርጥ ቆርጬ ነበር። ምክንያቱ ሽታዬ ነው። ከሰውነቴ የዓሣ ሽታ ይወጣል፤ ባኬ ጃማ ሰፈር ባለው ቤታችን ግን ዓሣ የሚበላ ሰው አልነበረም። ተማሪዎች ከጎኔ ሲነሱ ሰበብ እንኳ አይፈልጉም። ጎጃሜዋ እናቴ ጸበልም ወሰደችኝ፣ በልብስ ሳሙናም ቆዳዬ እስኪላጥ ፈተገችኝ። በታጠብኩ ቁጥር ይብስብኛል፤ እሷም "ደህና አልለቀቀም" ብላ እንደገና ትጀምራለች። ጽናቷ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን የኬሚስትሪ መምህራችን፣ ቤተ ሙከራው ባዶ ስለሆነበት፣ ከዴዴሳ ወንዝ የመጣ ውሎ ያደረ ዓሣ በላስቲክ ይዞ ገባ። ክፍሉ አፍንጫውን ያዘ። አንዳንዱ ዞሮ እኔን አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"የሚሸታችሁ አሚን ይባላል" አለ መምህሩ። "አሚኖች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም የአሞኒያ ዘመዶች ናቸው።" ሎሚ ጨመቀበትና አሽትቱ አለን።

"ባዴ! ጠፋ እኮ!" ብሎ አንዱ ከኋላ በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኸ።

መምህሩ ሳቀ። "የትም አልሄደም። ከአሲዱ ጋር ተያይዞ ጨው ሆነ፤ ጨው ደግሞ ተንኖ አፍንጫችሁ ጋ አይደርስም።" ቀጥሎ የልብስ ሳሙና በደንብ የሟሟበትን ውሃ አፈሰሰበት። ሽታው ተመልሶ ክፍሉን ሞላው። "ሳሙና የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ አሚኑን ከጨውነት ፈታው" አለ።

በዓይን የማይታይ ነገር ሎሚ ሲያገኝ ጭጭ የሚል፣ ሳሙና ሲያገኝ የሚነሳ! ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

ክፍሉ ሲወጣ ቀረሁ። "ቲቸር፣ ከሰውም ይወጣል?"

ቀና ብሎ አየኝ፤ ገባው። "ይወጣል። የአንዳንድ ሰው ጉበት ከምግብ የሚመጣውን አንዱን አሚን መለወጥ ያቅተዋል፤ በላብ ይወጣል። እርግማን አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የትኛውን ምግብ እንደምትቀንሺ ይነግርሻል።"

የሆነ ነገር ከደረቴ ላይ ሲነሳ ተሰማኝ። ስም አለው! ከእኔ በፊትም ሰው ላይ ታይቷል ማለት ነው።

ቤት ስገባ መታጠቢያው ውሃ ላይ ሎሚ ጨመቅኩና ሳሙናውን ከእናቴ እጅ ወስጄ አስቀመጥኩት። የሰማሁትን ነገርኳት። ታጥቤ ስወጣ አንገቴ ሥር አፍንጫዋን አስገብታ ቆየች። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን በጣም ቀንሷል። ከዚያ እጆቿን አየቻቸው።

"እኔ ነኛ ሳባብስብሽ የኖርኩት?"

"እማዬ፣ አገሩ ሁሉ ሲሸሸኝ የቀረብሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ" አልኳት።

አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ።