ያልታጠነው ቤት

ምንይችል ቀርቀሃ ሠሪ ነበር። ከእንጅባራ ዳር፣ አስፋልቱን ታክኮ በሠራው የሣር ክዳን ዳስ ውስጥ ወንበርና መደርደሪያ ሲሠራ ይውላል። የሚያልፍ መንገደኛ ቆም ብሎ ሥራውን ያደንቅለታል። እሳት ግን አጥብቆ ይፈራል፤ ቢፈራም አይፈረድበትም። ዳሱ ሣር፣ አጥሩ ቀርቀሃ፣ ወለሉም እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ደረቅ ፍቅፋቂ ነው። ሲጋራ የያዘ ደንበኛ ሲያይ ገና ከሩቅ እጁን እያወናጨፈ ያስቆመዋል። የሚስቱን የእናትነሽን ምድጃም ከቤቱ ጀርባ አርቆ የተከለው እሱ ነው።

ጭንቁ የሚብሰው ኅዳር ሲገባ ነው። ዝናቡ ያቆማል፣ ሣሩ ይደርቃል፣ ነፋሱ ይነሣል። በዚያው ወር፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ አገር ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ በየደጁ ያነዳል፤ ኅዳር ሲታጠን በሽታ ይወጣል ይባላል። በ2007 ዓ.ም. ግን ምንይችል ቆሻሻውን ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ሰፈሩ በጭስ ታፍኖ ሲያስል የእሱ ደጅ ብቻ ጥርት ብሎ ታየ።

ጎረቤቱ እትዬ ዘውድነሽ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «አንተ፣ በሽታውን ልታሳድረው ነው እንዴ?» አሉት።

«እሳቱን ፈርቼ ነው እትዬ። እርስዎ የእኔንም ጨምረው ያጥኑልኝ።»

ሳቁ። ያኔ ነገሩ ገና ቀልድ ነበር።

ጥር ላይ የእትዬ ዘውድነሽ የልጅ ልጅ ሞተች። ሐኪሙ ሳንባ ምች ነው አላቸው። እሳቸው ግን ሳንባ ምችን አያውቁትም፤ የሚያውቁት ምንይችልን ነው። ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሁላችንም ስናጥን አንድ ቤት ቀረ። ከየቤታችን የወጣው በሽታ እዚያ አደረ» አሉ። ሐዘንተኛን ማን ይቃወማል? ከዚያን ቀን ወዲህ እናትነሽ ቦኖ ስትወርድ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ከጀሪካኗ ያርቁ ጀመር። ልጆች አጥራቸው ሥር ሲደርሱ አፍንጫቸውን ይዘው ይሮጣሉ። ዕድሩ አላባረራቸውም፤ ያን ያህል ጨካኝ አይደለማ። ብቻ ለቅሶ ቤት ሲገቡ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ።

ዓመቱ ዞሮ ኅዳር ሲቃረብ እናትነሽ አለቀሰች።

«ትንሽ ጭስ ብቻ። ይዩትና ይተዉን። እኔስ ሰው ናፈቀኝ» አለችው።

ምንይችል ተሸነፈ። በኅዳር አሥራ ሁለት ማለዳ ተነሥቶ ከዳሱ ራቅ አድርጎ ጉድጓድ ቆፈረ፣ አጥሩና ክዳኑ ላይ ውኃ አርከፈከፈ፣ ከዚያ እፍኝ ቅጠል አነደደ። ሰፈሩ ሊያይ መጣ። እትዬ ዘውድነሽ ከሁሉም ፊት ቆሙ።

«ይህም ጭስ ሆነና! የእኔን ልጅ የበላ በሽታ በዚህ ነው የሚወጣው?» አሉና ከዳሱ ደጅ ከተከመረው የቀርቀሃ ቁርጥራጭ እቅፍ ሙሉ አንሥተው ጣሉበት።

«አይሆንም እትዬ፣ አንጓው አልተሰነጠቀም፣ ይፈነዳል!»

ሊያወጣው ሲያጎነብስ ሁለት ጎረምሶች ክንዱን ያዙት። «ዛሬ እንኳ ይታጠን፣ ተው» እያሉ ይስቁ ነበር። አንጓው ውስጥ የታፈነው አየር ሲግል የመጀመሪያው ቀርቀሃ እንደ ጥይት ጮኸ። ሰዉ አጨበጨበ። ሁለተኛው ሲፈነዳ ፍሙ ተወርውሮ በዳሱ በር ገባ። ምንይችል ውኃ ያርከፈከፈው አጥሩና ክዳኑ ላይ ነው፤ ወለሉ ደረቅ ነበር።

ክንዱን አስለቅቆ ሮጠ። የሚነደውን ፍቅፋቂ በሁለት እጁ እየዛቀ ወደ ውጭ ይወረውር ጀመር። ጎትተው ሲያወጡት ጨርቅ የያዘ መስሏቸው ነበር፤ የተንጠለጠለው ግን የገዛ ቆዳው ነው። ቤቱ ተረፈ። ዳሱ ነደደ። ሐኪም ቤት ብዙ ሰነበተ፤ ጣቶቹ ተጣብቀው ተኮራመቱ፣ ቀርቀሃ የሚሰነጥቁበት ዘመንም አበቃ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ሰፈሩ ተሰብስቦ ጠበቀው። ዓመት ሙሉ ያልተጠጋው ሰው ሁሉ አሁን እየተሽቀዳደመ ጉንጩን ይስመዋል። እናትነሽ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች፤ አንዷ ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር ስትነግራት ሳቋ አመለጣት፣ ደንግጣም ባሏን አየችው።

እትዬ ዘውድነሽ የሽሮ ፍትፍት ይዘው አጠገቡ ቁጭ አሉ። ፊታቸው ላይ ሽሙጥ የለም፤ ከልባቸው ነው።

«ተመስገን በል ልጄ፣ አሁን ቤትህ በደንብ ታጠነ። ከእንግዲህ ክፉ አይነካችሁም» አሉና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፉ አቀረቡ።

ምንይችል በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን ጭኑ ላይ እንዳደረገ እትዬ ዘውድነሽን አያቸው። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም ነበር። አፉን ከፈተ።