ሷሊሕ ያሰራቸው ጠባብ ወንበሮች

ሷሊሕ በሸዋ ሮቢት፣ ከደሴው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የተጋረደች ጋራዥ ነበረችው። ከደብረ ሲና ፍሬኑ ግሎ የሚወርድ ጭነት መኪና ሁሉ የሚቆመው እሱ ደጅ ነበር። በ1962 ክረምት ሚስቱን ሩቂያን ወባ ነጠቀው። ቀበራት፣ ለቀስተኛውን ሸኘ፣ ሥራውን ከፈተ። እንባ አላፈሰሰም። ሰዉ «አላህ ሰብር ሰጥቶታል» አለ። እሱ ግን ጽናቱም ሐዘኑም አልተሰማውም።

ጥቅምት ላይ ካሳሁን የሚባል የአዲስ አበባ ወጣት፣ ከእህቱ ከፋናዬ ጋር፣ ሁለት ሰው ብቻ በምትይዝ ቀይ መኪና መጣ። እሱ እየነዳ፣ እሷ ካርታ እያነበበች ለእሽቅድምድም መንገዱን እየለመዱ ነበር። ለዚሁ ብሎ ከአስመራ ያስመጣቸው የውድድር ወንበሮች፣ ጎናቸው ከፍ ብሎ ሰውን ቅርቅር አድርገው የሚይዙ ነበሩ። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ብሎናቸው ተነቅሎ ይዋዥቁ ጀመር።

ሷሊሕ አንገቱን አስገብቶ አየ።

«ወንበሩ ለመኪናዋ ሰፍቷል። በዚህ በኩል በሩን ይገፋል፣ በዚያ የማርሹን ካምቢዮ ይነካል። ጭንቅላትዎም ጣሪያ ይመታል።»

«ታዲያ አይሆንም?»

«የሚንሸራተትበትን ሐዲድ አውጥተን ወለሉ ላይ ብናስረው ዝቅ ይላል። ግን ወደፊት ወደኋላ ማለት የለም። በእርስዎ እግር ልክ ይቀራል።»

«ግድ የለም፣ በእኔ ልክ ይቅር» አለ ካሳሁን፤ ተቀምጦም ፔዳሉን እየረገጠ ልኩን አሳየው።

ሷሊሕ ከወንበሮቹ ሥር ወፍራም ላሜራ በየደ፤ በሩን የሚገፋውን ጎን በመዶሻ አስገባ። ከዚያ መኪናዋ ሥር ተንጋሎ ወለሉን በእጅ መሰርሰሪያ ይበሳ ጀመር። ፋናዬ ወንበሩን ከላይ ተጭና ይዛለች። ድንገት ጎንበስ ስትል አፈሩ በደም ርሷል።

«ጋሼ ሷሊሕ! እጅዎ!»

መሰርሰሪያው አዳልጦ የግራ መዳፉን ቀዶታል። ሷሊሕ ወጥቶ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አየው። ፋናዬ ሻሿን ፈትታ አሰረችለት።

«አያምዎትም?»

«እንጃ» አለ። ማንም ሳይጠይቀው፣ «ሚስቴ ሞታለች» አላት።

እስከዚያች ቀን ለማንም ብሎት አያውቅም። አገሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ማን ጠይቆት ይናገራል?  ካሳሁን «ሥራው ለነገ ይደር» ቢለው ሷሊሕ ተመልሶ መኪናዋ ሥር ገባ። ብሎኖቹን በአንድ እጁ አጠበቀ። በሩ ገጥሞ ተዘጋ፣ የካሳሁንም ጭንቅላት ከጣሪያው ራቀ።

ካሳሁን በእህቱ ቦታ አስቀምጦት እስከ ሮቢ ወንዝ ድልድይ ነዳ። መታጠፊያው ላይ ወንበሩ የጎን አጥንቱን ጥብቅ አድርጎ ያዘው። የማሽላው እርሻ በመስኮቱ ያልፋል።

«እንዴት ነው?»

«ይዟል» አለ ሷሊሕ።

እነካሳሁን ወደ ደሴ ከሄዱ በኋላ፣ ማምሻውን፣ የሩቂያ እናት እማ መሪያም እንደ ልማዳቸው፣ እሱ ጣዕሙን ሳይለይ የሚውጠውን ራት ይዘውለት መጡ።

«ምነው እጅህ ልጄ?»

«ቆሰለ።»

«ያምሃል?»

መዳፉ ሽቅብ እስከ ክንዱ ይወጋው ጀመር።

«አዎ፣ ያመኛል።»

እማ መሪያም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እሱ አላለቀሰም። ጎርሶ፣ አላምጦ ዋጠና፣

«ወጡ ጨው በዝቶበታል» አላቸው።

«ነገ እቀንሳለሁ» አሉና ውሃ ሊቀዱለት ተነሱ።